«እኔ ነኝ» ያሉት አማቴ

አማቴ እንግዳ ሰሃን ቢሰብር እንኳ «እኔ ነኝ» የሚሉ ሴት ናቸው። ስወልድ ሊያርሱኝ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ አሜሪካ ሲያትል አጠገብ፣ ኬንት ባለችው ጠባብ ቤታችን አብረውን ከረሙ። ምላሳቸውን እንጂ እሳቸውን አልጠላኋቸውም።

አንድ ጠዋት ዓይናቸውን ለሐኪም ላሳይ ይዣቸው ወጣሁ። የአራት ወር ልጃችንን ባለቤቴ ያዘ። ኦበርን ከተማ ባለ መጋዘን ሲሠራ አድሮ መግባቱ ነበር። እኛ ወረፋ ስንጠብቅ ደወለ።

«ቤቢው ዝም ብሎ ተዝለፈለፈብኝ! አምቡላንስ ኮል አድርጌያለሁ።»

ሲያትል ሆስፒታል ስንደርስ ልጄ የሚተነፍሰው በመሣሪያ ነው። ሐኪሟ ሦስታችንንም አንዲት ክፍል አስገብታ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም መፍሰሱን፣ ጆሮው ላይም የበለዘ ነገር ማየቷን ነገረችን። መገልበጥ እንኳ ያልጀመረ ሕፃን ራሱን እንዲህ አይጎዳም አለች። ማንንም አልወነጀለችም። «ከልጁ ጋር ማን ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው ሳይጨርስ አማቴ ቀደሙ።

«እኔ ነኝ። ከእጄ አምልጦኝ ወደቀ።»

ባለቤቴ ቀና አላለም። አገር ቤት ቢሆን ይሄ ጨዋነት ተብሎ ይወራላቸው ነበር። ጉልበቴን ጨበጥ አድርገው ጆሮዬ ሥር አንሾካሾኩ፦ «እኔን አሮጊቷን ምን ያደርጉኛል? አገሬ ቢመልሱኝ ነው። ገመናችንን ሸፍኚ፣ ልጄ።»

ዝም ብል፣ ልጄ ቢድንም ወደዚያው እጅ ሊመለስ ነው። ብናገር ትዳሬ አበቃ። በሩ አጠገቤ ነው፤ ተነስቼ መውጣት ግን አልችልም። ተናደድኩ። በእሳቸው፣ በእሱ፣ መልሴን ቁጭ ብላ በምትጠብቀው ሐኪምም ጭምር።

«እሳቸው ከእኔ ጋር ነበሩ» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ልጄ ተረፈ። ባለቤቴ ቤት እንዳይደርስ በፍርድ ቤት ታዘዘ። እኔና አማቴ እዚያችው ቤት ቀረን፤ እሳቸውም መሄጃ የላቸው፣ እኔም ሌላ ሰው የለኝ። ወጥ እየተቀባበልን ለሳምንታት ሳንነጋገር ከረምን። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት ልጁን ሳጥብ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሳይታመም በፊት ሳጥበው ክንዱ ላይ የጣት ምልክት አይቼ ነበር» አሉኝ። «ቅቤ ቀባሁለትና እጅጌውን አወረድኩ።»

በማግስቱ ወደ ሥራ መመለሻዬ ነበር። ልጁን የሚይዝልኝ ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረኝም።