የጣውላው ጀርባ

በደርግ ጊዜ አምቦ ውስጥ እንጀራዬ በጋለ ብረት እንጨት ላይ ፊደል መተኮስ ነበር። ጣውላ ገዝቼ አላውቅም። ከፈረሰ አጥር፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎን የወጣውን ቁርጥራጭ እለቃቅምና እልገዋለሁ፤ ከዚያ ሁለት ብረት ከሰል ውስጥ እከትና አንዱ ሲበርድ በሌላው እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ ዝናብ እንዳያበሰብሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት እቀባዋለሁ። ሽታው እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን የሚያቅለሸልሸኝ ሽታው ብቻ አይደለም።

ከደቡብ መጥተው አምቦ የከበሩ አንድ ነጋዴ ነበሩ፤ ሐጂ ነበር የምንላቸው። የሱቃቸውን ሰሌዳ የሠራሁት እኔ ነኝ። «ቀለም አልፈልግም፣ ቀለም ይፋቃል። ጠልቆ ይተኮስ» ስላሉኝ ስማቸውን የጣት ጫፍ እስኪያስገባ አጠለቅኩት። ኋላ ሱቁ ትርፍ ቤት ነው ተባለና ቀበሌው ወሰደው። ሸቀጡ ከነመደርደሪያው ሄደ። ሰሌዳው ደግሞ «የሸማቾች ሱቅ» ተብሎ እንዲጻፍበት እኔው ዘንድ ተመለሰ፤ እንዲያ ያለ ጣውላ ከየት ይገኛል።

ሐጂ በማግስቱ መጡ። ስለ ሱቁ አንድም ነገር አላነሱም። «ልጄ፣ ገልብጠህ ጻፍበት። ስሜ ወደ ግድግዳው ይዙር፣ ማንም አያየው። እዚያ መኖሩን እኔ ካወቅኩ ይበቃኛል» አሉኝ። ይቺ ምን ትከብዳለች? እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩላቸው።

ገልብጬ ጽፌ ጨረስኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሊያይ መጣ። ቁርጥ በልቶ ኖሮ ከእንጨቴ ስንጥር መዘዘና ጥርሱን እየጎረጎረ፣ የወጣለትን ጣውላዬ ላይ እንትፍ ይላል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ነው ያደግነው፤ ንጉሡ ከወረዱም በኋላ ይሄንን ማን ይከሰዋል።

«ከጀርባው ምንድነው?» አለኝ።

ይኸው ነው ያለው። «ላገው» አላለም፣ አላስፈራራኝም፤ መጠየቁንም የረሳ ይመስል ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። እኔ ግን ተርበትብቼ «አሁን እልገዋለሁ ጓድ» አልኩት። ላግኩትም። ጠልቆ ስለነበር ላቤ እስኪንጠፈጠፍ መላጊያ ገፋሁ፤ ጣውላው ግማሽ ሆኖ ሳሳ። ያንን ሰውዬ ተጸይፌዋለሁ፣ ራሴን የተጸየፍኩትን ያህል ግን አይሆንም።

ከወራት በኋላ ስኳር መጣ ሲባል ኩፖኔን ይዤ ተሰለፍኩ። ሐጂ በገዛ ሱቃቸው በር፣ ከፊቴ ቆመዋል። ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ከኋላ አለሁ አይደል?»

«አሉ፣ ሐጂ።»

«አላህ ይስጥህ» አሉና ክንዴን ይዘው ከፊታቸው አቆሙኝ። ስኳሩ እያለቀ ነበር። ተራቸውን ወሰድኩ።