የአዴ ዘይነባ የተሸረፈ ጥርስ

አባ ጀማል በዚያን ቀን ድምፁን አውቀውት ነበር? እስከ ዛሬ ልመልሰው ያልቻልኩት ጥያቄ ይህ ነው።

የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን በሬዲዮ የሰማሁት ወሬ ነው። አንዲት ዘፋኝ መድረክ ላይ ስትዘል ማይኩ ከእጇ ወደቀ፤ ድምፁ ግን መዝፈኑን ቀጠለ፤ ለካ የሌላ ሴት ድምፅ ኖሯል። ሕዝቡ ጮኸባት፣ አዘጋጆቹ ይቅርታ ጠየቁ። ጋዜጠኛው እየሳቀ ነበር የሚያወራው። ለእኔ የታየኝ ግን የልጅነቴ የባሌ ሮቤ አዳራሽ ነው፦ እርጥበት እርጥበት የሚሸት መጋረጃ፣ ከብርዱ የተነሳ ጋቢውን ያልፈታ ተመልካች፣ ከየጋቢው ሥር የሚሸት የገብስ ቆሎ።

አዴ ዘይነባ ጎረቤታችን ነበረች፤ ልብስ ሰፊ። «አዴ» በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚባል የአክብሮት ጥሪ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ከትንሽ ልጇ ከኑሪያ ጋር በአንዲት ክፍል ትኖር ነበር። ክር የምትቆርጠው በጥርሷ ስለነበር አንዱ የፊት ጥርሷ ተሸርፎ፣ ስትናገር በሽንቁሩ ቀጭን ፉጨት ያመልጣት ነበር። እኔ ታናናሾቼን ሳዝል ኖሬ ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ ነው። ፊደል የለየሁት እሷ የልብስ ልኬት ከምትቆርጥባቸው አሮጌ ጋዜጦች ላይ ነበር። እጅጌ ሆኖ የተቆረጠ ዜና መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳላውቅ እቀራለሁ። ጎዶሎ ነገርን ሁሉ መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል።

እሷንም ጠረጠርኳት። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ የከተማው የኪነት ቡድን በኦሮምኛ ዘፈን አዳራሹን መሙላት ጀምሮ ነበር። የተወዛዋዦቹን ልብስ የምትሰፋው አዴ ዘይነባ ናት። ልብሱን አስረክባ መመለስ ሲገባት ትርኢቱ እስኪያልቅ አትወጣም፤ ተመልካቹ መሃል ደግሞ የለችም። ትርኢት ባለበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዝንጅብል በማር ታኝካለች፣ ሰውም አታናግርም። የሰፈሩ ሴቶች፣ «እዚያ ወንድ ይዛለች» አሉ። «ወንድ ለመያዝ ዝንጅብል ምን ያደርጋል?» ብዬ ብጠይቅ እናቴ በኩርኩም መለሰችልኝ።

ወሬው አባ ጀማል ጆሮ ደረሰ። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሲናና በሚባለው ገጠር ሰፊ የገብስ ማሳ ያላቸው፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው። በአገሩ ደንብ የወንድማቸውን ሚስት ሊያገቡ ጠይቀው፣ አዴ ዘይነባ እምቢ ብላለች። እሳቸውም፣ «እሺ፤ ልጃችንን በወግ እስካሳደግሽ ድረስ» ብለው ተዉአት። ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ስሟ ከጎደፈ ኑሪያን ይወስዷታል።

አንድ የበዓል ቀን ከሰዓት በኋላ በበቅሎ መጡ። በሩ ዝግ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ዘይነባ የታለች?»

«አዳራሽ። መጋረጃ ተቀዶባቸው ልትሰፋ ሄደች።» እሷ እንዲያ ብላኝ ነበር የወጣችው።

«በበዓል ቀን መጋረጃ የሚቀድ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉና ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። ተከተልኳቸው።

አዳራሹ ለትርኢት ሞልቶ ነበር፤ ወጣቶች ተነስተውላቸው ከፊት ተቀመጡ። የቡድኑ ኮከብ ለምለም ማይኳን ይዛ ወጣች፤ አፏን በአማርኛ የፈታች የጎባ ልጅ፣ መልኳም ትከሻዋም ለመድረክ የተፈጠረ። ዘፈኑ ከጎሮ ገበያ ስትመለስ በቅሎዋ ስለጠፋባት ልጃገረድ ነበር። ድምፁ ሲወጣ ቆሎ የሚቆረጥም እንኳ ጠፋ። እኔ ለምለምን ማየት ትቼ አዳመጥኩ። በየስንኙ ማብቂያ ላይ ያቺ ቀጭን ፉጨት አለች። የለምለም ጥርስ ደግሞ እንደ በቆሎ እሸት የተደረደረ ነው። ዓይኔን ወደ መጋረጃው ግርጌ ሰደድኩ፤ ሌላ የማይክ ሽቦ ወደ ኋላ ይገባል።

አባ ጀማል አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ፉጨቷ በመጣች ቁጥር ዱላውን ጠበቅ ያደርጉታል፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ዘፈኑ ሲያልቅ አጠገባቸው ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞር ብለው፣ «ይቺን የጎባ ልጅ የኛን ዘፈን እንዲህ አድርጎ ማን አስተማራት?» አሉ።

«ዘመኑ ነዋ። ዘንድሮ ኦሮምኛ የማያውቅ ማን አለ?» ብለው ሽማግሌው ሳቁ። አባ ጀማል አልሳቁም።

አዴ ዘይነባ ስትመለስ ደጃፏ ቆመው ጠበቋት። ኑሪያ ሮጣ እናቷ ቀሚስ ሥር ገባች።

«መጋረጃው ተሰፋ?»

«ተሰፋ፣ አባ ጀማል። ይግቡ እንጂ።»

አልገቡም። በቅሏቸው ላይ ወጥተው ልጓሙን እያስተካከሉ ፊቷን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ጥርስሽን አሠሪው» አሏት። «ብርድ ይገባበታል።»

ያሏት ይህን ብቻ ነው። ዛቻ ይሁን ከለላ፣ ወይም እንዲያው የሽማግሌ ምክር፣ አላውቅም።

አዴ ዘይነባ ጥርሷን አሠራች፤ ፉጨቷም ጠፋች። ልብሱን በሰው ትልክ ጀመር እንጂ አዳራሽ አልደረሰችም። ለምለም ጉሮሮዋን ታመመች ተባለና ከዚያ ወዲያ ሥራዋ መጨፈር ብቻ ሆነ። አባ ጀማል እንደ ወትሮው በየመኸሩ ገብስ ላኩ፤ ኑሪያን ሊወስድ የመጣ የለም። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «አዴ፣ ለምን መዝፈን ተውሽ?» አልኳት።

«ማን ዘፈነና?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። ኑሪያ ክር ወደ አፏ ስታስጠጋ ካየች ግን እጇን ትመታት ነበር። «መቀስ አለልሽ።»

ዛሬ አዴ ዘይነባም አባ ጀማልም በሕይወት የሉም። የስፌት መኪናው የኑሪያ ሆኗል፤ የሬዲዮውን ወሬ የሰማሁትም እሷው ሱቅ ተቀምጬ ነው።

«በሰው ድምፅ መዝፈን» አለች እየሳቀች። «አታፍርም?»

«የድምፁ ባለቤትስ?» አልኳት።

«ማናት እሷ ደግሞ?»

የእናቷን ነገር ነገርኳት። ፔዳሉን ስትረግጥ የነበረች እግሯ ቆመች።

«እማዬ ዘፈን አትወድም ነበር። ሬዲዮ እንኳ ታጠፋብኝ ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ነው።»

«አባ ጀማል አውቀው ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ ኑሪያ።»

ሬዲዮው ወደ ሌላ ወሬ አልፏል። ኑሪያ የጨረሰችውን ቀሚስ ከመኪናው አወጣች፤ ጫፉ ላይ ክር ተንጠልጥሏል። መቀሱ አጠገቧ ነበር። አየችው፤ ከዚያ ክሩን ወደ አፏ ወስዳ በጥርሷ በጠሰችው።