የእትዬ ትሩፋት የጉዛራ ጉዞ

እትዬ ትሩፋት ነፋስ ስልክ መንገድ ዳር በርበሬ ትሸጥ ነበር። ቂመኛ ናት። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" እያሉ ሲገሥጿት፣ "እኔ መቼ ጸሎት ያዝሁ?" ትላለች። ጎረቤቷ ነኝና ምን እደብቃለሁ፤ የምወዳትም ለዚሁ ነበር።

የተቀየመችው አስረስ የሚባለውን የማኅበራችንን ሰው ነው። ሁለቱም የእንፍራዝ ተወላጆች ናቸው፤ መንደራቸው ግን ለየቅል ነው። አስረስ ሁለተኛውን ዋንጫ ጠላ ሲጨርስ አያቶቹን ኮረብታው ላይ ያለው የጉዛራ ግንብ ጠባቂዎች ያደርጋቸዋል። በሦስተኛው ግንቡ ራሱ የእናቱ ወገን ርስት ይሆናል።

የትሩፋት ልጅ አፀደ ስትታጭ፣ የወንዱ ወገኖች እንደ ወጉ ዘሯን ሊጠይቁ ወደ አገሯ ሰው ወደ አስረስ ሄዱ። እሱም ራሱን ነቅንቆ፣ "የሸክላ ሠሪ ዘር ናት፤ ከኔ አልሰማችሁም" አላቸው። ጠላው ተጠምቆ ጋብቻው ፈረሰ። አፀደ የሰው ዐይን አላይም ብላ ድሬዳዋ ሄዳ ቀረች። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪን ቡዳ እያልን እንሸሽ ነበር፤ በሠራችው ድስት ግን እንበላለን። የኛን ነገር ተዉት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ትሩፋት ጥርሷን ነክሳ ዓመታት ጠበቀች። በ1956 ዓ.ም. ገደማ አንድ የእንፍራዝ ነጋዴ በርበሬ ሊገዛት መጥቶ ሲጨዋወቱ፣ የአስረስ እናት ከጉዛራ ኮረብታ ስር ዛሬም ገንቦና ጀበና እየሠሩ እንደሚሸጡ ነገራት። እኚህን እናት እኛ ሞቱ ተብለን ድንኳን ተክለን አልቅሰናል፤ ተዝካራቸውንም በልተናል። አስረስ ዘሩ እንዳይታወቅበት በቁማቸው ቀብሯቸው ኖሯል።

ሌላ ሰው ቢሆን ያንኑ ዕለት በየቤቱ ዞሮ ያወራው ነበር። እሷ ግን ለእኔ ብቻ ነግራኝ፣ "ወሬማ ይካዳል። ወስጄ አሳያቸዋለሁ" አለችኝ።

በቀጣዩ ማኅበር፣ "አቶ አስረስ ስለ ግንቡ ሲያወጉን ዕድሜያችን አለቀ። ከጥምቀት በኋላ አውቶቡስ ተኮናትረን ለምን ሄደን አናየውም? እሳቸው ይመሩናል" አለች በማር አንደበት። ሴቱ እልል አለ። የአስረስ ፊት አመድ መሰለ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ምክንያት ይደረድር ጀመር። መንገዱ ሽፍታ አለበት ሲል፣ እዚያው መንገድ የሚመላለስ ሾፌር አምጥታ አስመሰከረችበት። ጉልበቴ ኮረብታ አይወጣም ሲል፣ "ግድ የለም፣ ከስር ከዘመዶችዎ ጋር ቁጭ ብለው ይጠብቁናል" አለችው። ለስንቅ የሚሆነውን በሶ ያዘጋጀነው እኔና እሷ ነን። እንደዚያ ሰሞን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ለጉዞው ልንነሳ ሳምንት ሲቀረን አስረስ የላፍቶውን ገበሬ፣ ሽማግሌውን ጋሽ ፈየራን አስቀድሞ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጇ ላይ ተንበረከከ። እንዲህ ሆኖ የመጣን ሰው ተበዳዩ ይቅር ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል። እምቢ ያለ በአገር ይወቀሳል።

"በአፀደ ላይ አንደበቴ ስቶ ነበር፤ ዋሽቻለሁ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ማሪኝ። ጉዞውንም ተይው።"

"አውርጂለት፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ፈየራ።

ትሩፋት ቀርባ ሁለት እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ልትምረው ነው ብዬ ተናድጄ ፊቴን አዞርሁ።

"ለኔ የሚገባኝን ተቀብያለሁ፣ ጋሽ ፈየራ" አለች ድንጋዩን ሳታነሳ። "ከኔ የባሰ የተበደሉ ግን አሉ። እናቱ አልሞቱም። ጉዛራ ስር ሸክላ እየሠሩ ነው። ተሸክሞት ይሂድና እሳቸው ያውርዱለት።"

አስረስ ቀና አላለም፤ ነገሩንም አልካደ። ጋሽ ፈየራ ትኩር ብለው አዩት። ለእናቱ ተዝካር የታረደውን በሬ ከእርሻቸው ፈትተው የሰጡት እሳቸው ነበሩ።

"አውቶቡሱ መቼ ነው የሚነሳው?" አሏት በመጨረሻ። "እኔም እሄዳለሁ።"