ከውጭ የመጡ ከዋክብት

የጋሼ ሥራ ማጨለም ነው። ጋሼ የእንጀራ አባቴ ናቸው። ሰው «ምን ይሠራሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ያጨልማሉ» እላለሁ፤ ጠያቂው ስድብ ይሁን ቀልድ ግራ ይገባዋል። ነገሩ ግን እውነት ነው። በከተማው ዳር፣ ጣሪያው እንደ ተደፋ ሳህን የሆነ የሰማይ ማሳያ አዳራሽ አለ። ተመልካቹ ገብቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲያስተኛ፣ መብራቱን ቀስ እያደረጉ የሚያጠፉትና ከዋክብቱን ጣሪያው ላይ የሚያበሩት ጋሼ ናቸው። ቶሎ ካጠፉት ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ከዘገዩ ትልልቆቹ ወሬ ይጀምራሉ። እሳቸው መሃሉን ያውቁታል። ታናሽ ወንድሜ «የጨለማ ሚኒስትር» ብሎ የሰየማቸው ለዚህ ነው። ሲሰሙት ፈገግ ብለው ያልፋሉ።

እኛ ቤት የገቡት አንድ ሻንጣና አራት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ይዘው ነው። ሚስታቸው በሕመም ሞታባቸው ነበር፤ እናቴም አባታችንን ከቀበረች ሰንብታለች። እነሱ ሁለት፣ እኛ ከአያቴና ከአጎቴ ጋር ስምንት። ስምንት ብቻ ብንሆን ጥሩ ነበር፤ ስምንት ጯሂዎች ነን። እኛ ቤት ሰው የሚናገረው ተራ ጠብቆ ሳይሆን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። ልጅቷን «ትንሿ» አልናት። ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኛች፣ የእህቴን ጫማ ወረሰች፣ እናቴን እማዬ አለች፣ ብዙም ሳትቆይ ከሁላችንም ብሳ መጮህ ቻለች። ዋጥናት ብል ይቀላል።

ጋሼ ግን አልተዋጡም። ከገበታው ለበሩ በሚቀርበው ጥግ ይቀመጣሉ፣ የቀረበላቸውን ይበላሉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይነሳሉ። አጎቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እዚህ ቤት በዝንብ የማይታማው እሱ ብቻ ነው» እያለ ይቀልዳል። እናቴን ያከብሯታል፤ እኛን አንድ ቀን ተቆጥተውን አያውቁም። ልጆች ሳለን ደግነት መስሎን ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሰው የሚቆጣው ቤቴ ባለው ቤት ነው። እኛም ብንሆን እስከ ዛሬ «አባባ» ብለናቸው አናውቅም።

ስለ ሟች ሚስታቸው ትንፍሽ አይሉም። ፎቶዋን እንኳ አልሰቀሉም። ለእናቴ ክብር ብለው ይሁን ሐዘኑ ከብዷቸው፣ ጠይቆ የተረዳ የለም። ሆድ ይፍጀው ብለው ኖሩ።

ባለፈው ዓመት ትንሿ ትምህርቷን ጨርሳ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘች። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ጋሼ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድ አላቸው። መሄጃዋ ሲቃረብ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እኔ ዕቃ ሳጥብ፣ እሷ ስትወለውል፣ ውሃ የሚጠጡ መስለው ወጥ ቤት ገቡ።

«እናትሽን ታስታውሻለሽ?» አሏት።

«እማዬን? ሳሎን ናት እኮ።»

«እሷን አላልኩም። የወለደችሽን።»

ትንሿ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ግንባሯን ቋጠረች። የእውነቷን እየፈለገች ነበር። መዋሸት አታውቅበትም፤ ምነው ያን ቀን ብታውቅበት!

«ምንም፣ አባዬ። መልኳንም፣ ድምጿንም። ይቅርታ።»

«ኧረ ምን ይቅርታ ያስፈልጋል? ሕፃን ነበርሽ» አሉና ውሃውን ሳይቀምሱት ብርጭቆውን ለእኔ አቀበሉኝ። «ለነገሩ እኔም አንዳንዴ…» ብለው ሳይጨርሱት ወጡ።

አንጀቴን በሉት። ያቺን ሴት በዚህ ምድር ላይ የሚያስታውሳት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እየረሳ መሆኑ ገባኝ። ልጃቸው ከመሄዷ በፊት፣ ከእናቷ የቀረ አንዲት ነገር በእጇ እንዳለ ማወቅ ፈልገው ነበር። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

መሄጃዋ እሑድ ነበርና ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንንም አዳራሹ ጋበዙን። አዲስ ትርኢት መጥቷል። እንደ ልማዳችን ዘግይተን፣ የአያቴ ጫማ ጠፍቶ ተገኝቶ፣ ስንደርስ መብራቱ ጠፍቷል። አስገቢዋ ባትሪ የያዘች ጠና ያለች ሴት ነበረች። የውስጡ በር ጋ ስትደርስ መቃኑን በጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ ነካችው። ወዲያው ወለሉ ላይ ትንንሽ መብራቶች ጭል ጭል አሉ፤ እኛም ገባን።

«እንደኛ!» ብሎ ታናሽ ወንድሜ ሳቀ።

እኛ ቤት ማንም ሰው፣ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ፣ መቃኑን ሁለት ጊዜ ሳይነካ አይገባም። ጎረቤቶቻችን «እንጨት ቆርቋሪዎቹ» ይሉናል። የዘር ልማድ ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ከቅድመ አያቶቻችን የወረስነው ነው ብሎ ሲምል ሰምቻለሁ፤ አጎቴ ደግሞ ያልማለበት ነገር የለም።

ትርኢቱ ስለ ድንክ ጋላክሲዎች፣ ስለ ትንንሽ የከዋክብት መንጋዎች፣ ነበር። የእኛዋ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ በዙሪያዋ የሚዞሩትን ትንንሽ ጋላክሲዎች በስበቷ እየጎተተች ትበታትናቸዋለች። ከዋክብቱ አይጋጩም፤ መሃላቸው ሰፊ ነው። ግን ትንሿ ጋላክሲ እንደ ተተረተረ ሹራብ ክር ትሆንና ትልቋን ትዞራታለች፤ ክሩም እየሳሳ እየሳሳ በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ከሌላው ይቀላቀላል። ጣሪያው ላይ ሁሉም ነጭ ነጥብ ሆነ። ተራኪው «ታዲያ ከውጭ የመጡት በምን ይታወቃሉ?» ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ፤ ከምን እንደተሠሩ ይመረመራል፣ አካሄዳቸውም ይጠናል። አብረው የመጡት ቤታቸው ከፈረሰ ከስንት ዘመን በኋላም አካሄዳቸው ይመሳሰላል። ከነጮቹ መሃል ጥቂቶቹ ቀይ ሆነው አበሩ፤ እዚህም እዚያም ነበሩ።

አጎቴ በጨለማው ውስጥ «እዚያም ስደተኛ አለ ማለት ነው» አለ። አያቴ በክርኗ ጎሸመችው።

ስንወጣ አስገቢዋን ስለ በሩ ጠየቅኳት።

«የሥራ ነገር ነው፣ የኔ ልጅ። የትርኢቱ ድምፅ ስለሚጮህ መብራቱ ጋ የተቀመጠውን ብትጠሪው አይሰማሽም። የሱ ወንበር ግን ከመቃኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ እንጨቱን ስትነኪው ይሰማዋል። ሰው መግባቱን አውቆ የወለሉን መብራት ያበራልሻል። ዘዴውን ያመጣችው ከእኔ በፊት እዚህ በር ላይ ትሠራ የነበረችው ናት፤ የሱው ባለቤት፣ ነፍሷን ይማረው። እሷማ ለምዶባት ብርሃን ባለበትም ትነካ ነበር። እንስቅባት ነበር።»

እቤት እንደገባን እናቴን መኝታ ቤት ተከትያት ገባሁ። ሻሿን እያጠፈች ነበር።

«እማዬ፣ በር መንካቱን ማን ነው እዚህ ቤት ያመጣው?»

«ትንሿ ናታ። በመጣች በሳምንቷ። እናንተ ደግሞ ያያችሁትን ትተዋላችሁ?»

«ከማን እንዳመጣችው ታውቂያለሽ?»

«ማን ይነግረኛል? እኔ የማውቀው፣ ልጅቷ መቃኑን ስትነካ እሱ ቀና ይል እንደነበር ነው። ፊቱ ፍክት ይላል፤ ያያታል፤ ከዚያ ተመልሶ ያቀረቅራል። ቀጥሎ ታላቅሽ ጀመረ፣ ቀጥሎ አንቺ፣ እናቴ እንኳ ሳትቀር። ሁላችሁም ስትነኩ ጊዜ ቀና ማለቱን ተወ።» ሻሹን ፈትታ እንደገና አጠፈችው። «እኔም ነክቻለሁ እኮ። ለእኔም ቀና ይል እንደሆነ ብዬ።»

እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ጋሼና ትንሿ ሳሎን ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አስገቢዋ ስለ ትንሿ እናትና ስለ በሩ ያለችኝን ስጀምርላቸው ጋሼ አቋረጡኝ።

«በር መንካቱማ የእናንተ ቤት ልማድ ነው።»

«የኛ አይደለም፣ ጋሼ። ትንሿ ናት ይዛው የመጣችው። እኛ ከሷ ነው የለመድነው።»

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ሁላችንም ጋ ከመብዛቱ የተነሳ ከማን እንደመጣ እሳቸው ራሳቸው ጠፍቷቸው ኖሯል። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እስቲ ውጪና ግቢ።»

ትንሿ ወጥታ መቃኑን ነክታ ገባች። ጋሼ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ያን ሁሉ ዓመት ያላለቀሱትን አለቀሱ። እሷ ፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«እናቴ እንዲህ ነበር የምትነካው?»

«አንቺ ትፈጥኛለሽ። እሷ በመሃሉ ትንሽ ትቆይ ነበር።»

ትንሿ የወንበሩን ክንድ አንዴ ነካች፣ ቆየች፣ ደገመች። «እንዲህ?»

«እንደዚያ» አሏት።

በማግስቱ ሄደች። በስልክ ስታወራኝ፣ ማንም በሌለበት ክፍሏ ስትገባ እጇ መቃኑን ካልነካሁ ብሎ እምቢ እንዳላት ነገረችኝ።

እኛም እንነካለን። ልዩነቱ፣ ጋሼ አሁን በነካን ቁጥር ቀና ይላሉ። ወንድሜ ነው፤ ተመልሰው ያቀረቅራሉ። አጎቴ ነው፤ ያቀረቅራሉ። እኔ ሲያቀረቅሩ ማየቱ አላስችል ብሎኝ አንድ ቀን ሳልነካ ብገባ «ምነው ዝም ብለሽ ገባሽ?» ብለው ቅር አላቸው።

እናቴም ትነካለች። ቀና ይላሉ።

«እኔ ነኝ» ትላለች፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

«አውቃለሁ» ይሏታል፤ ዓይናቸው ግን ትንሽ ጊዜ ከበሩ አይነሳም።