የሦስተኛዋ መኪና መጋጠሚያ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አታውቅም፤ የንስሐ አባቴም አያውቁም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአቴን እደረድርና ትልቁን ዘልዬው አልፋለሁ። እሳቸው እግዚአብሔር ይፍታህ ይሉኛል፤ እኔም እንዳልተፈታሁ እያወቅኩ መስቀሉን ስሜ እሄዳለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ መርሳ ገበያ ብንጋፋ እንኳ አትለዩኝም። ምናልባት ድፍረቱን የሰጠኝ እሱ ይሆናል።

ነገሩ የመኪና ነው። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፤ ያኔ አገሩም ስቆብናል። ጋሽ ሙላቱ መርሳ ላይ ጋራዥ አላቸው። እኔ እሳቸው ዘንድ በብየዳ ገብቼ ቶርኖ፣ ብረት በማሽን መቅረጽ፣ የተማርኩ፣ ኋላም ሸሪካቸው የሆንኩ ሰው ነኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተገለበጠ መኪና ሲያቃኑ ኖረው አንድ ቀን፣ ከምን እንደተነሡ እንጃ፣ የራሴን ፈጣን መኪና እሠራለሁ አሉ። የእሽቅድምድም ዓይነት፣ ሞተሯ ከሾፌሩ ጀርባ የሆነ። አገሬው እህል የሚጭንለት መኪና ሲፈልግ፣ እሳቸው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ሊሠሩለት ተነሡ። ሽማግሌው አበዱ ተባለ፤ እኔም አብሬ ያበድኩ ተባልኩ።

አላበድንም። ሞተሩን ከአንድ የተጋጨ መኪና፣ ካምቢዮውን ከሌላ አመጣን፤ አካሏን ከላሜራ በመዶሻ ቀጥቅጠን አወጣነው። የውጭ አገሮቹ ፈጣን መኪኖች ሆዳቸው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፤ የወረዳችን የሀብሩ ጠጠር መንገድ ግን ለእንደዚያ ያለ ቅንጦት አይመችም። ስለዚህ ከፍ አድርገን፣ ሆዷን በወፍራም ብረት ሸፍነን ሠራናት። ያስቸገረን ኃይሉን ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ማድረሱ ነበር። የተለያየ መኪና ዕቃ ስለሆነ አይጋጠምም። በተራ ብረት ብንሞክረው ዳገት ላይ ተጠማዞ ተቆረጠ። በመጨረሻ ጋሼ ከድሮ ጦርነት ወድቆ ከቀረ ታንክ ላይ ጠንካራ ብረት አምጥተው በቶርኖ መጋጠሚያ ቀረጹለት፤ ለግራ አንድ፣ ለቀኝ አንድ። ከጭብጥ አይበልጥም። ነገር ግን አንዱ ከጎደለ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ ከቆመችበት አትነቃነቅም። ሱቅ ሄዶ ስጡኝ የሚባል ዕቃም አይደለም።

ሦስት ብቻ ሠራን። የመጀመሪያዋን የወልድያ ነጋዴ ገዛት፤ ሁለተኛዋ ደሴ ሄደች። ሦስተኛዋን መሸጥ አቃተን፤ ከሁሉም የበለጠችው እሷ ነበረች። በሁለቱ መኪኖች ወንበር ሥር ጋሼ የራሳቸውን ስም ብቻ ነበር የቀረጹት። በሦስተኛዋ ላይ የኔንም ከስማቸው ጎን ቀረጹት። ያን ቀን እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ፤ ሰው እንዲያየኝም ዋናውን መንገድ ይዤ ነበር የሄድኩት።

ጦርነቱ ክረምት ላይ ወልድያን አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ ብዙ ሰው ወደ ደሴ ሸሸ። ጋሼ ቀሩ። ልጃቸው እመቤት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ባሏ ሹፌር ነው፣ ዕቃ ጭኖ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበት በዚያው ቀርቷል። እኔም ከነሱ ጋር ቀረሁ። ከተማውን የያዙት ታጣቂዎች የሚንቀሳቀስ መኪና ካገኙ ይወስዱ ስለነበር፣ ያልሸሸ ባለመኪና ሁሉ አንድ ዋና ዕቃ እየፈታ ደበቀ፤ አንዱ ባትሪውን፣ አንዱ የነዳጅ ፓምፑን። ጋሼም የቀኙን መጋጠሚያ ፈትቼ እንድደብቀው አዘዙኝ። የት እንዳኖርከው ለኔም እንዳትነግረኝ፣ ዱላ ከበዛብኝ እናገር ይሆናል አሉ። ግሪስ ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጓሮዬ ካለው ማንጎ ሥር ቀበርኩት።

የመጀመሪያዋ መኪና ሲሪንቃ አጠገብ ተቃጥላ መንገድ ዳር እንደቆመች የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። የወልድያው ነጋዴ ዕቃ ሳይፈታ ታጣቂዎቹ ወስደውበት ነበር። ሰው ስለ ሞተው ዘመዱ ሲያወራ እኔ ለላሜራ አለቀስኩ፤ ይህንንም ጻፉልኝ። የሁለተኛዋን ወሬ የሚነግረን አልነበረም። የቀረችው ሦስተኛዋ ብቻ ናት ብዬ በልቤ ያዝኩ። ሌት ተቀን የማስበው እሷን ሆነ።

እመቤትን ምጥ የያዛት በመኸር ነው። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ባዶውን ነበር። የምታዋልደው ሲስተር መሣሪያዋን ይዛ ዘመዶቿ ዘንድ ግራና ወደምትባለው ከተማ ሸሽታለች። ንጋት ላይ የጀመረ ምጥ አልገፋ አለ። ሴቶቹ ማርያም ማርያም ሲሉ ቆይተው ረፋድ ላይ እናቷ ወጡና ልጁ በጎኑ ነው የመጣ አሉ። ጋሼ ወደ እኔ መጡ። ነዳጅ ደብቀናል፤ ባትሪው ደህና ነው፤ የጎደለው መጋጠሚያው ብቻ ነበር።

«ያን ዕቃ አምጣልኝ» አሉኝ። «የታጣቂዎቹን ኬላ ለምኜ ግራና አደርሳታለሁ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋን ቢወስዷትም ይውሰዷት።»

ሄድኩ። ስሄድ ላመጣው ነበር፤ በዚህ አልዋሽም። ማንጎው ሥር ተንበርክኬ ቆፈርኩ፤ ጨርቁን አገኘሁት፤ ብረቱ ጣቴ ሥር ነበር። ያኔ ይውሰዷት ያሉት ቃል መጣብኝ። ጋሼን ኬላው ላይ ሲያወርዷቸው፣ መኪናዋን ሲነዷት፣ እሷም እንደ መጀመሪያዋ መንገድ ዳር ስትነድ ታየኝ። እመቤት አልታየችኝም። ለምን አልታየችኝም? በልጅነቷ ምሳዬን ጋራዥ ድረስ ታመጣልኝ የነበረች፣ በሠርጌ ቀን ከእህቶቼ በላይ የጨፈረች ልጅ እንዴት ከብረት አነሰችብኝ? ስንት ሴት በምጥ ውላ በሰላም ትገላገላለች አልኩ። በቃሬዛ ትደርሳለች አልኩ። አፈሩን መለስኩበት። በገዛ እጄ መለስኩበት፤ በእግሬም ደለደልኩት።

ተመልሼ ጋሼ ፊት ቆምኩ።

«አጣሁት ጋሼ» አልኩ። «ቆፈርኩ፤ የለም። ስቀብር ያየኝ ሰው ወስዶታል።»

እጄ አፈር በአፈር ነበርና የዋሸሁ አልመሰልኩም። ጋሼ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ እንዳይቀርጹ መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ ቶርኖው ያለ መብራት አይዞርም። ዞር ብለው ለጎረቤቱ ቃሬዛ አሉ።

በአገራችን ቃሬዛ ሲነሣ የሚቀር ወንድ የለም። የፊተኛው ሲደክመው የኋለኛው ትከሻውን ያስገባል፤ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። እኔ ከፊት ገባሁ፤ ልቀበልህ ያለኝን ሁሉ እምቢ አልኩ። ሰው ወንድምነት መሰለው። እመቤት መጀመሪያ ትጮህ ነበር፤ እየቆየች መጮኹም አቃታት። ኬላው ላይ የቆሙት ታጣቂዎች ነጠላዋን ገልጠው አዩአትና ቶሎ እለፉ አሉን። ሌላ ነገር አልጠየቁንም። መኪናዋንስ ቢሆን ያሳልፏት ነበር? አላውቅም። ስንት ጊዜ በዚህ አላውቅም ሥር ተጠልያለሁ።

ግራና ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ሲስተር እመቤትን አተረፈቻት። ልጁ ወንድ ነበር፤ መንገድ ላይ ሞቷል። ሁለተኛ መውለድ እንደማትችልም ሰላም ከሆነ በኋላ ደሴ ሄዳ ተነገራት። ጋሼ የልጅ ልጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈው ቆሙ፤ ማን እንደሚቀበላቸው የጠፋቸው ይመስሉ ነበር። እጄን ዘርግቼ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ከሰው ሁሉ መሐል እኔ! የቀበርኩትም እኔ ነኝ።

ታጣቂዎቹ ወጥተው መብራት ሲመለስ በውሸቴ ላይ ሌላ ጨመርኩ። መጋጠሚያውን አወጣሁት። በሸካራ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ቶርኖ ላይ ጫፉን ጥቂት ነካክቼ አዲስ አስመሰልኩትና እኔ ቀረጽኩት ብዬ ሰጠኋቸው። ጋሼ አገላብጠው አዩትና ከኔ አስበልጠኸዋል አሉ። አሁን ከወልድያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ሦስተኛዋን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ሞተሩን፣ አካሏን፣ ያን ብረት ፎቶ ያነሣሉ። ጋሼ ወደ እኔ እየጠቆሙ ሙያዬን የሚወርስ አላጣሁም ይሏቸዋል። እኔም አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ፤ ትሑት ነው ይሉኛል። እመቤት ደግሞ ባየችኝ ቁጥር ትከሻዬን ትስማለች፤ ያ የተሸከማትን ትከሻ። በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት? ግን አያታለሁ፤ ስቄ አወራታለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እያደር ጠለቀ።

መጋጠሚያው ገብቶ መኪናዋ ዳግም የተነሣች ቀን ጋሼ ራሳቸው ነዷት፤ እኔ ጎናቸው ተቀመጥኩ። አስፋልቱን ይዘው ወደ ወልድያ የሚወጡ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ግራና አዞሯት። ጠጠሩን እንደታሰበላት አድርጋ አለፈችው፤ ዳገቱ ላይ እንኳ አልተነፈሰችም። በቃሬዛ ያን ሁሉ ሰዓት የሄድንበት መንገድ በመስኮቱ ሮጠ። ያረፍንበት ዛፍ ገና ሳስበው አልፏል። ግራና መግቢያ ላይ አቆሙና ሞተሩን አጠፉ። እጃቸውን ከመሪው አላነሡም።

«ለካ ቅርብ ኖሯል» አሉ።

የመናገሪያዬ ሰዓት ያ ነበር። ጋሼ ዞር ብለው አላዩኝም፤ ቢያዩኝ ምናልባት እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። ሞተሩን አስነሥተው ተመለስን።

ከናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ማለት የእመቤት ነው፤ እሷ ደግሞ ምን እንደተበደለች አታውቅም። ጦርነት ነበር ብዬም አላመካኝም። ጦርነቱ ብረቱን አስቀበረኝ እንጂ ካገኘሁት በኋላ አፈር መልስበት አላለኝም። ሄደህ ንገራት ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ዛሬ ጠዋትም በጋራዡ በር አለፈች፤ እንደምን አደርክ ወንድሜ አለችኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት። መኪናዋ ከጀርባዬ ቆማ ነበር። ደህና ናት፤ አንዲት ጭረት የለባትም።