የማን ቆዳ ነው? ከካላክላ እስከ ዐማራት በእግር

ሳይጠይቁኝ የሌላ ፍጡር ቆዳ እጄ ላይ ሰፉ። በደሌ ይኸው ነው።

ሥራዬ ልስን ነው። ጥቅምት ላይ እዚህ ካርቱም ጀብራ የሚባለው ሠፈር ውስጥ አንድ ፎቅ ስንሠራ የሲሚንቶ ማቡኪያው ቀበቶ ቀኝ እጄን ያዘና የአይበሉባዬን ቆዳ ገፈፈው። ጅማቴ ተራቁቶ ይታይ ነበር። ዐማራት ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ አደረሱኝ፣ ማደንዘዣ ወጉኝ፣ ስነቃ እጄ ተጠቅልሏል። ያሠራኝ ሙቃውል፣ በእኛ ኮንትራክተር የምንለው ማለት ነው፣ ካላክላ የተከራየሁበት ቤት በር ላይ አራገፈኝና ሄደ። እስከ ዛሬ ዐይኑን አላየሁትም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የሠፈራችን ፋሻ ቀያሪ ቁስሉን ሲከፍት፣ ውኃ ውስጥ የከረመ ቁርበት የመሰለ ነጭ ነገር ጅማቴ ላይ ተሰፍቶ አየን።

«ይሄ ያንተ ቆዳ አይደለም» አለኝ።

«የማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ?»

አብሮኝ የሚከራየው ሰይድ የወሎ ሰው ነው። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። ፉል ከሆነ ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ ሥጋ ሲሆን ግን እንዳገራችን ልማድ ድስታችን ሁለት ነው፤ እኔ እሱ የባረከውን አልበላም፣ እሱም እኔ የባረክሁትን አይነካም። ወሬውን ስነግረው ትንሽ አሰበና፣

«የአሳማ ከሆነ ለሁለታችንም አይሆንም» አለ። «የላም ከሆነ ግን እዚህ አገር በእኛ ቢላ ነው የምትታረደው። እንኳን ደህና መጣህ! ማን ብለን እንጥራህ?»

«ዝም በል፣ ሰይድ።»

«አብሽር፣ አብዱ እንልሃለን።»

ሳቅሁ። በማግስቱ ግን ምላጭ ገዛሁ። ሰይድ አየና ከእጄ ነጠቀኝ። «ብትገፈው እጅህ ይበሰብስና ይቆረጣል። አንደኛህን ሄደህ ጠይቃቸው፣ ከዚያ የፈለግኸውን ሁን» አለ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ እዚሁ ካርቱም ነው። በዚህ እጅ ስሜን መጻፍ ከጀመርሁ ብዙም አልቆየሁም። ስለዚህ ተነሣሁ። የማን ቆዳ እንደሆነ ይነግሩኛል፤ የማይሆን ነገር ከሆነ እዚያው አስገፍፌ እመለሳለሁ። የመንገዴ ዓላማ ይህ ብቻ ነበር።

ጠዋት፣ ካላክላ

ወታደሮቹ መንግሥቱን ጠቅልለው የያዙ ሰሞን ነው። ሰልፍ በተጠራ ቀን ስልክ ይቆረጣል፣ ድልድይ ይዘጋል። ደውዬ ልጠይቅ ብል ስልኩ ድዳ ሆኗል። ፌርማታው ላይ የወትሮው ጩኸት የለም፣ አንዲት ሐፍላ፣ አውቶቡስ ማለት ነው፣ አትታይም፤ ሚኒባሶቹ ሁሉ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ተኮልኩለዋል። የዳቦው ሰልፍ ደግሞ ከዳቦ ቤቱ በር ጀምሮ መስጊዱን ዞሯል። ከአንዲት ሻይ ሻጭ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ተምያ የሚሉትን የሽምብራ ጥብስ በዳቦ በላሁ። ከሳምንት በፊት በዚያው ገንዘብ ሁለት ይገዛ ነበር። በግራ እጄ ስበላ ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች፤ ነውር ነው። የተጠቀለለውን ቀኙን አነሣሁላት።

«መዓለሽ፣ ይቅርታ ወንድሜ» አለችና ሻዩን በነፃ ሰጠችኝ። አላመሰገንኋትም። ያን ሰሞን ማንንም አላመሰግንም ነበር።

ረፋድ፣ ጀብራ

ጀብራ ስደርስ እግሬ ዝሏል። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በጡብና በተቃጠለ ጎማ ተዘግቷል። ያን ጡብ ሠራተኛ ተሸክሞ አንጥፎት ነበር፤ የለፋበትን ማን ያስታውሳል ብዬ በሆዴ ተራገምሁ። መንገዱን ዘግተው የሚጠብቁት ወጣቶች ፋሻዬን ሲያዩ ግር ብለው መጡ።

«ጥይት ነው? የት መቱህ? ጀግና!»

«ኸላጣ ነው» አልኋቸው፤ የሲሚንቶ ማቡኪያ በእነሱ ቋንቋ። «እኔ ለማንም አልተዋጋሁም።»

ተያዩ። ከዚያ አንዱ ረጅም ልጅ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ «ኸላጣውም ይውረድ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ተቀበሉት፣ «ይውረድ! ይውረድ!» አላገጡብኝ ብዬ ልቆጣ ስል ልጁ ሞተር አስነሥቶ «ያላ፣ ውጣ ሐበሺ» አለኝ። በጠባብ በጠባቡ እያሽሎከለከ ዐማራት መግቢያ አደረሰኝ። እሱንም ሳላመሰግነው ሄደ።

እኩለ ቀን፣ ዐማራት

ዐማራት መንገዱ በቁጥር ነው፤ ቁጥር ለሚያነብ ሰው አይጠፋም። የቪላዎቹ በር ሁሉ ተቆልፏል። ክሊኒኩ ውስጥ የምታጸዳ ዘሀራ የምትባል የወሎ ልጅ አለች፤ የእኔ ዓረብኛ የመንገድና የሥራ ቦታ ስለሆነ አስተርጓሚ ሆነችኝ። እጄን የሰፋችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ዐይኗ ደም መስሏል፤ ሰሞኑን ከሰልፍ የሚመጣ ቁስለኛ ስታክም ነው የሰነበተችው።

«ቀንህ ገና ነው» አለችኝ።

«ለቀኑ አልመጣሁም። እጄ ላይ የሰፋሽው የማን ቆዳ ነው?»

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ» አለች ዘሀራ።

«እንዳልሁት ንገሪያት።»

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቆዳ ነበር» አለች። «ግን ደሙን፣ ስቡን፣ ሕዋሱን፣ ሕይወት የነበረውን ነገር ሁሉ አጥበው አውጥተውለታል። የቀረው ድሩና ማጉ ነው። ሥጋ ስለሌለበት ሰውነትህ እንደ ባዕድ አይገፋውም። የራስህ ደም ሥር እየገባ ይሞላዋል። በባዶ ጅማት ላይ ያንተን ስስ ቆዳ ብለጥፍ ኖሮ አይዝም ነበር።»

ይህ ገባኝ። ባገሬ የጭቃ ቤት እመርግ ነበር። «ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ የቀረ ግድግዳ ነው በያት። አሁን የሚመርገው የእኔ ሰውነት ነው» አልሁ። ዘሀራ ስትተረጉምላት ሐኪሟ ፈገግ አለች። እኔ አልሳቅሁም።

«ግድግዳው የማን ነበር? የአሳማ ነው የላም?»

ዘሀራ መልሱን ሰማችና ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ የሰው ነው የምትለው። የሞተ ሰው።»

አሳማም ላምም ብለን ስንሟገት ሰው ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም። «ሰውየው ያውቃል?» አልሁ።

«አዎ» አለች ሐኪሟ። «ሩቅ አገር ነው፣ ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። በሕይወቱ ሳለ ተጠይቆ፣ ስሞት ውሰዱ ብሎ የሰጠ ነው። ካልፈቀደ አይነካም።»

«እንግዲያ ሙቱ ተጠይቋል» አልሁ። «ለሙት ያልነፈጋችሁትን ለቋሚው ነፈጋችሁ።»

«ይህንንስ አልተረጉምም» አለች ዘሀራ።

«ተርጉሚ።»

ተረጎመች። ሐኪሟ ወደ ወለሉ አየች። «ጅማትህ እየደረቀ ነበር፤ አንተ ደግሞ በሕመም ራስህን አታውቅም። አሠሪው ፈቅዷል አሉኝ።»

«እጁ የአሠሪው ነው?»

ሐኪሟ ተነሣች። ፋሻውን ራሷ ፈታች። ነጩ ነገር ቀልቷል። በጣቷ ጫን ስትለው ገረጣ፣ ስትለቀው መልሶ ቀላ። «ደምህ ገብቷል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ዐይን ዐይኔን እያየች፣ «አሁን እጠይቅሃለሁ። ይነሣ ካልህ አነሣዋለሁ፤ ግን ጅማቱ ይደርቃል፣ ጣቶችህም አይታጠፉም። ይቆይ ካልህ ከሚካኤል ማግስት፣ ሰኞ፣ ከጭንህ ስስ ቆዳ ወስጄ እደርብበታለሁ። ምን ይሁን?» የሚካኤሉን የጨመረችው ዘሀራ ናት፤ ቀኑ እንዳይጠፋኝ።

መንገዱን ሁሉ «ይነሣ» እያልሁ ነበር የመጣሁት። አፌ ላይ ነበር። እጄን አየሁት። የማላውቀው ሰው ማገሩን ሰጥቶኝ ሄዷል፤ እኔ ደግሞ ሳላውቅ መመረግ ጀምሬአለሁ።

«ይቆይ» አልሁ። «ሰኞ ማደንዘዣ ከመውጋታችሁ በፊት ግን ደግማችሁ ጠይቁኝ።»

አመሻሽ፣ ካላክላ

ስመለስ ሰይድ በር ላይ ፉል ይዞ ይጠብቀኛል። ገና ከሩቅ «እህ፣ አብዱ!» አለ።

«ሰው ነው» አልሁት። ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። ዳቦውን መቁረሱን ተወ።

«እስላም ነው ክርስቲያን?»

«አጥበውታል፤ አልቀረበትም።»

ሰይድ አልቀለደም። «አላህ ይዘንለት» አለ። እኔም «ነፍስ ይማር» አልሁ። ከዚያ ቀኝ እጄ ተመልሶ ስለተጠቀለለ እየቆረሰ አጎረሰኝ።

ከዚያ መንገድ የተማርሁት ብዙ አይደለም። ሠራተኛ ቢያንስ የሙት ያህል ይከበር፤ ሌላ አልጠየቅሁም። ሙቃውሉን ይቅር አላልሁትም። ሻይ ሻጯንና ባለሞተሩን ልጅ ግን በኋላ ፈልጌአቸው ነበር፤ እሷን አገኘኋት፣ እሱን አላገኘሁትም። ይህን የጻፍሁት በዚያው እጅ ነው። ጠቋሚ ጣቴ እስከ መጨረሻው አይታጠፍም፣ እስክሪብቶ ግን ይይዛል።

ሰኞ ሐኪሟ መርፌው ከመነሣቱ በፊት ዘሀራን አስጠርታ ደግማ ጠየቀችኝ። አዎ አልሁ። ነገሩ ያለቀው ኅዳር 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።