ለስኳር ታማሚ ለስላሳ ይዤ ሄድኩ

«መምህር፣ ጠዋት ፊልሙ ላይ ያሳዩን ይሄንን አይደል?» አለችኝ ተማሪዬ፣ በእጄ የያዝኩትን ለስላሳ እያየች።

ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ሞጣ፣ አባቷ የተኛበት ሆስፒታል። አባቷ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስኳር አለበት፤ የእግሩ ቁስል አልድን ብሎታል።

ጠዋት ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ስለ ስኳር ጉዳት ዘጋቢ ፊልም ያሳየኋቸው እኔው ነኝ። «ቤታችሁም ንገሩ!» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ከሰዓት ግን በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም ብዬ ባለ ሁለት ሊትሩን ገዛሁ። ፊልሙ ትዝም አላለኝ።

አልጋው ሥር የሌላው ጠያቂ ለስላሳ ተደርድሯል። ሁላችንም ወዳጆቹ ነን እንግዲህ።

ልጅቷ ጠርሙሱን ተቀብላ ከሌሎቹ አጠገብ አቆመችው። «አባዬ ሰው ያመጣውን አለመቅመስ ነውር ነው ይላል» አለችኝ። «ሁሉንም ይጠጣዋል።»

እናንተስ ስኳር ያለበትን ሰው ስትጠይቁ ምን ይዛችሁ ሄዳችሁ? እውነቱን ጻፉ፤ ብቻዬን እንዳላፍር።